የሚጠራው የተሳሳተ ስልክ

«ሲስተም አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሰው ነው» የሚል ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጂንካ ከአንዱ ጋር ሁለት ዓመት ቢሮ ተጋርቻለሁ። ተስፋሁን ይባላል። ለአዋላጅነት ሥልጠና አመልካቾች የሚመዘገቡበትን የኢንተርኔት ቅጽ የሠራው እሱ ነው፤ ቅጹንም እንደ በኩር ልጁ ይሳሳለታል።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ማርታ የምትባል አመልካች ከቀይ አፈር ከተማ በጭነት መኪና፣ አቧራ ለብሳ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ቅጹን ሞላች። ቅጹ ግን «የተሳሳተ ስልክ ቁጥር» ብሎ መለሳት። አራት ጊዜ ሞከረች፤ አራቴም መለሳት።

«ወንድሜ፣ ትናንት ‹ነገ ይዘጋል፣ ድረሺ› ብላችሁ የደወላችሁልኝ ታዲያ በየትኛው ቁጥር ነው?» አለችው ተስፋሁንን።

«እህቴ፣ ሲስተሙ ያልተቀበለውን እኔ አልቀበልም።»

ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ሳይ ስልኬን አውጥቼ በስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር መታሁ። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ።

«ይኸው ጠራ!» አልኩት።

«መጥራቱንስ ይጠራል፤ ትክክል ግን አይደለም» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማርታ ለማንበብ እንዲመች ብላ በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት ትታ ነበር፤ ቅጹ የጠላው ያንን ባዶ ቦታ ነው።

«ቅጹ መጀመሪያ ክፍተቱን ያጥፋ፤ ከዚያ ይፍረድ» አልኩት።

እያጉረመረመ ቅጹ ላይ አንድ የኮድ መስመር ጨመረ። ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ማርታ ተመዘገበች፤ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

ተስፋሁን በዕለቱ ሪፖርት ላይ ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ? «የአመልካቿ ስህተት ታርሟል።»