የኮመጠጠ ጠላ ፍለጋ

ለመሆኑ ሰው ቤት ገብታችሁ «የተበላሸ ጠላ ይኖርዎታል?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። ያውም ቢቸና ላይ። ያውም ሰባት ቤት! በዱላ አለመሸኘቴ እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቸና ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ በየክረምቱ ደግሞ ባሕር ዳር እየሄድኩ ማስተርሴን እማራለሁ። ለመመረቂያ የመረጥኩት ጉዳይ ኦክሲዶሪዳክቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። አትደንግጡ፣ የሚከብደው ስማቸው ነው። ሥራቸው ካንዱ ኤሌክትሮን ወስዶ ለሌላው ማቀበል ነው፣ በቃ። ጠላ ውስጥ የምትኖር አንዲት ባክቴሪያ በእነዚህ ኢንዛይሞች ከአልኮሉ ላይ ኤሌክትሮን ትነጥቃለች፤ ዞሮ ዞሮ ለአየሩ ኦክስጅን ታስረክበዋለች። እሷ በዚያ ጉልበት ትኖራለች፣ ጠላው ኮምጣጤ ይሆናል። የእኔ ሥራ ይህችን ጉደኛ ከነሕይወቷ ላቦራቶሪ ማድረስ ነው። ካላደረስኩ ምርቃት የለም። ቀነ ገደቡን ሁለት ጊዜ አስራዝሜአለሁ፤ ሦስተኛ የለም ብለውኛል።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ቢቸና ውስጥ ጠላው የኮመጠጠበት ሰው የለም! የመጀመሪያዋ ሴትዮ አማተቡና ጎረቤታቸው ዘንድ ሞክር አሉኝ። ጎረቤታቸው ደግሞ ማን እንደላከኝ ጠየቁ። የመጣሁበትን ቤት ብነግራቸው እኮ ሁለቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም ነበር። ሦስተኛዋማ በሽታዬ ምን እንደሆነ ጠይቀው ጠበል ሊያስወስዱኝ ተነሡ። እኔ እያለቀብኝ ያለው ቀን ነው፣ እሳቸው ስለ ጠበል ያወሩልኛል። ምግብ አልበላ አለኝ። ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ አቃተኝ።

በመጨረሻ የደረሱልኝ አከራዬ እትዬ የውብዳር ናቸው። ሞት ይርሳኝ፣ እሳቸው እኮ በጠላ በአገሩ የታወቁ ናቸው፤ ማኅበር ሲደርስ ሰው ተራው የማን ነው ብሎ የሚጠይቀው የእሳቸውን ቀን ለማወቅ ነው። ስቅበጠበጥ መሰንበቴን አይተው አንድ ከሰዓት ጠሩኝና በሩን ዘጉ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ አንድ ጋን ክዳኑ ሳይገጥም ቀርቶ ግርጌ የተረፈው ጠላ እንደኮመጠጠ ነገሩኝ። ለነፍስ አባታቸው እንኳ ያልነገሩት ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ብልቃጤን ሞላሁ፣ አየር እንዲገባላት አፉን በጥጥ ወተፍኩ፣ በማግስቱ እስክሄድ ጓዳቸው አስቀመጥኩ። ጓዳቸው ማስቀመጤ ነው ጉድ የሠራኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ብልቃጡን ጭኔ ላይ እንደ ጨቅላ ታቀፍኩ። መስኮቱን ከፈት ሳደርግ አጠገቤ ያሉት አባት «ንፋስ ይመታናል ልጄ» ብለው ይዘጋሉ። እከፍታለሁ፣ ይዘጋሉ። ምን እንደያዝኩ ሲጠይቁኝ በጭንቀት አፌ እንዳመጣልኝ «ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አየር ካላገኘ ይሞታል» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ መስኮቱን አልዘጉም። እግራቸውን ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ከብልቃጡ ሳይነቅሉ ሞጣ ደረስን።

ሞጣ መኪና ልቀይር ወርጄ እስቲ ብዬ ጥጡን ነቀል አድርጌ አሸተትኩ። ጌሾ ጌሾ ይላል። ቀመስኩት። ወይ ጉዴ! ጥርት ያለ፣ ጉሮሮ የማይቧጥጥ ምርጥ ጠላ! እዚያው መናኸሪያው መሐል ስልኬን አወጣሁ።

ለእትዬ የውብዳር ደወልኩላቸው። እሳቸው ምንም አልመሰላቸው። ያንን ደፍተውት፣ ብልቃጡን በፈላ ውኃ አጥበው፣ ለማኅበር ከጠመቁት ሞልተውልኛል። «የኮመጠጠ ጠላዬ ባሕር ዳር ድረስ በስሜ ሲዞር ዝም ብዬ ልይ?» አሉኝ። ደግሞም መምህሮቼ ምን ይላሉ፣ ሰው ለትልቅ ሰው የተበላሸ ነገር ያቀርባል ወይ ብለው ተቆጡኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁት።

ለመመለስ ጊዜ የለኝም፣ የላቦራቶሪው ወረፋዬ በማግስቱ ነው። ሞጣ ላይ አዲስ ፍለጋ እንዳልጀምር የቢቸናው ይበቃኛል። ያለኝን ይዤ ሄድኩ። አማካሪዬ የሆነውን ሳልነግራቸው ከጠላው ጠብታ ወስደው ማሳደጊያው ሳህን ላይ ዘረጉት። ከዚያ የጠበቅኩትን ሦስት ቀን አትጠይቁኝ። ኮሪደሩን የለካሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ የሚያውቀው ጥበቃው ነው።

በሦስተኛው ቀን ባክቴሪያዋ በቀለች! አማካሪዬ ኢንዛይሙን ለክተው እንዲህ ያለ ብርቱ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። እኔ ግን ከደስታዬ ይልቅ ደነገጥኩ። ብልቃጡ በፈላ ውኃ ታጥቧል። እንግዲያ ባክቴሪያዋ የመጣችው ከዚያ ከምርጡ ጠላ ነው ማለት ነው። እዚያው ቁጭ ብላ አየር ነበር የምትጠብቀው። ይህን ለእትዬ የውብዳር ማን ይነግራቸዋል? እኔ አልነግርም፤ ኪራይ ቤት እንደልብ አይገኝም።

ጥናቴን በማቀርብበት ቀን ጠዋት ከቢቸና የመጣ ሹፌር ደወለልኝ። እትዬ የውብዳር ለመምህሮቼ አንድ ጄሪካን ጠላ ልከዋል። መመለስ አይቻል። ፈታኞቹ ፊት በየብርጭቆው ቀድቼ ደረደርኩና ማቅረብ ጀመርኩ። ጥርት ባለው ጠላ ውስጥ እንኳ ምን እንደሚኖር፣ ምን ነጥቆ ለማን እንደሚያቀብል፣ ቁጥሩ በስንት ሰዓት እንደሚበዛ በሥዕል አሳየሁ። ከማን ጠላ እንዳገኘኋት ሲጠይቁኝ ወደ ብርጭቆዎቹ አመለከትኩ።

«እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት ሰጡኝ። ሦስቱም ተነሥተው ጨበጡኝ። ብርጭቆውን ግን አንዳቸውም አልነኩትም።

ገና ከበሩ ሳልወጣ እትዬ የውብዳር ደወሉ። ማለፌን አልጠየቁኝም። «ወደዱት?» አሉ፣ ድምፃቸው ፈራ ተባ እያለ። ፍርድ የመጠበቅን ጭንቀት የማውቀው እኔ፣ እንዴት አድርጌ እውነቱን ልንገራቸው? «ጠብታ አላስቀሩም እትዬ!» አልኳቸው። እልል ሲሉ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ጄሪካኑን ባዶውን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ።

ይኸው ጄሪካኑ ከነጠላው እጄ ላይ ከቀረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። እንዳልደፋው የሴትዮዋ ልፋት ይታየኛል፣ ለሰው እንዳልሰጠው የተቀባዩ አስተያየት ቢቸና ይደርሳል። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ኮምጥጧል። እየጠጣሁት ነው።