ሁለት ድመት ለአንድ ቤት፦ ስለ አራቱ ድመቶች ጉዞ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሰኔ 7፣ ከምሳ በኋላ
ቦታ፦ ሳሎን (ግማሹ በካርቶን ተይዟል)

የተገኙ፦
1. አባት፣ ሰብሳቢ። በመሥሪያ ቤታቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ እቤትም ያው ናቸው።
2. እናት፣ ነርስ። ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል ቀጥሯቸው ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡት እሳቸው ናቸው።
3. እማማ፣ የእናት እናት። መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።
4. አጎት፣ የእናት ታናሽ ወንድም፣ የመኪና ደላላ። ሳይጠሩ መጥተዋል።
5. ጸሐፊ፣ እኔ፣ የቤቱ ልጅ። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብዬ ተመረጥኩ። ተቃውሜ ነበር፤ ግን ገና ጸሐፊ ስላልነበረ ተቃውሞዬን የመዘገበው የለም። ድምፅ የለኝም።

በታዛቢነት፦ አራቱ ድመቶች፣ ኩንታል፣ ቀበኛ፣ እሜቴ እና ዝምታ። ሰብሳቢው "ማንም በሌለበት አይወሰንበትም" ስላሉ በር ተዘግቶባቸው ተገኝተዋል።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ከተረጋገጠ በኋላ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተነበበ። በዚያ ስብሰባ የእናት የሥራ ውል ቤተሰብን፣ የሠራተኛዋን እናት ጭምር፣ ይዞ መሄድ እንደሚፈቅድ ተገልጾ ነበር። እማማ ግን "እኔን ተዉኝ፣ እናንተ ሂዱ" በማለታቸው እንዲቀሩ ተወስኗል። ሰብሳቢው በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ጉዳይ ተመልሶ እንደማይነሳ አስታውሰው አለፉ። እማማ ለመናገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አጎት ቀደሟቸው።

አጀንዳ 1፦ የአዲሱን አገር የእንስሳት ደንብ ስለመስማት

እናት ከሆስፒታሉ የተላከውን መመሪያ አነበቡ። በአንድ ቤት ከሁለት ድመት በላይ ማኖር ክልክል ነው። እያንዳንዱ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋል፣ ቆዳው ሥር ቁጥር ያለው ቺፕ ይገባለታል፣ ለብቻው ሣጥን ይኖረዋል። አጎት ድመት ስለ ውሻ ለምን እንደሚወጋ ጠየቁ። እናት አስረዱ። አጎት ቢሆንም ስድብ ነው አሉ።

ቀጥለውም ኩንታልና ቀበኛ ሁለቱም ቀያይ ስለሆኑ በአንድ ወረቀት ተራ በተራ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረቡ፤ መኪና እንዲህ ሲያልፍ በዓይናቸው አይተዋል። እናት ኩንታል የቀበኛን እጥፍ እንደሚመዝን አስታወሱ። አጎት "መንገድ ላይ ወፈረ ይባላላ" አሉ። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ሐሳብ ላይ የዚህ ቤት ማኅተም አያርፍም ብለው ውድቅ አደረጉ። ቤቱ ማኅተም የለውም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ደንብ ደንብ መሆኑ ተወሰነ (ውሳኔ 1)።

አጀንዳ 2፦ ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል

ሰብሳቢው ምርጫው በሥራ አፈጻጸም ይሁን፣ መለኪያውም አይጥ መያዝ ይሁን አሉ። ኩንታል ዜሮ አገኘ። ዝምታም ዜሮ። እሜቴ አይጥ አጠገቧ ሲያልፍ አይታ ፊቷን ማዞሯን አጎት መሰከሩ። ቀበኛ ይዞ ያውቃል፤ የያዘው ግን የጎረቤት ሥጋ ነው። እናት ይህ እንደ ልምድ ይቆጠርለት እንደሆነ ጠየቁ። ኩንታል በዚህ መሃል የውጤት መስጫው ወረቀት ላይ ተጋድሞ አልነሳም ስላለ ግምገማው ተቋረጠ።

ሰብሳቢው ሁለቱ ከእማማ ጋር ይቅሩ፣ ለእሳቸውም ማጫወቻ ይሆኗቸዋል አሉ። እናት ቀና ብለው እማማን አዩና መልሰው አቀረቀሩ። እማማ "ጥሩ" አሉ። ጸሐፊዋ ይህን "ጥሩ" ታውቀዋለች፤ እማማ ተቀይመው ከማዕድ ሲነሱ የሚሉት ነው። አስተያየት ለመስጠት እጇን አወጣች፤ ሰብሳቢው "አንቺ ጻፊ" አሏት።

የትኞቹ ሁለቱ እንደሚቀሩ ሲጠየቅ ለእያንዳንዱ ድመት የሚሟገት ሰው ተነሳ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለት ድመቶች እንዲቀሩ፣ የስማቸው ቦታ ግን ባዶ እንዲሆን ተወሰነ (ውሳኔ 2)።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አጎት ደንቡ "በአንድ ቤት ሁለት" ማለቱን ልብ እንዲባል ጠየቁ። ስለዚህ ጋሼና እትዬ በወረቀት ቢፋቱ ሁለት ቤት ይሆናሉ፣ ሁለትና ሁለት ደግሞ አራት ነው አሉ። ሰብሳቢው ሐሳቡ አሳፋሪ መሆኑን ገልጸው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቁ። እናት ሳቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ባልና ሚስቱ ለድመቶቹ ሲባል እንዲፋቱ በሦስት ድምፅ ተወሰነ (ውሳኔ 3)። እማማ ድምፅ አልሰጡም፤ የጠየቃቸውም የለም።

ነገር የመጣው ክፍፍሉ ላይ ነው። ሁለቱም ዝምታን ፈለጉ። ሰብሳቢው "በር ስትቧጥጥ ተነስቼ የምከፍትላት እኔ ነኝ" አሉ። እናት "ውጪ የምትረሳትም አንተ ነህ" አሉ። ሰብሳቢው ነገሩ ከድመት አልፎ ወደ ሰው እየሄደ ነው አሉ። እናት ከሄደ መቆየቱን፣ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ተናገሩ። ሰብሳቢው ወንበራቸውን ተሸክመው ወደ ጠረጴዛው ሌላኛው ጫፍ ተዛወሩ። አጎት ፍቺው የወረቀት መሆኑን ሲያሳስቡ ሁለቱም እኩል "አንተ ዝም በል" አሏቸው፤ ዛሬ በሙሉ ልብ የተስማሙበት ይህን ብቻ ነው። እሜቴ ሶፋው ሥር ገባች። ቀበኛ ስብሰባውን ረግጦ ወጣ፤ መስኮቱን የከፈቱለት እማማ ናቸው።

እማማ መስኮቱን ዘግተው ሳይቀመጡ "እኔም የምለው አለኝ፤ አንቺ ልጅ፣ ጻፊው" አሉ። ሰብሳቢው ስለ ተራ ሊናገሩ ሲሉ እናት በዓይናቸው አስቆሟቸው።

እማማ እንዲህ አሉ፦ "ስለ ኩንታል ስትነታረኩ ዋላችሁ። ለዝምታ ብላችሁ ትዳር ልታፈርሱ ነው። እኔን ግን አንዴ ጠየቃችሁኝ፣ በቃ። ተዉኝ አልኩ። ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ ሌላ ምን ይላል? ልጄ ናት፣ ደግማ ትለምነኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እናንተ ግን ጽፋችሁ ዘጋችሁት። ከፍቶኛል።"

እናት "እማዬ፣ እምቢ ያልሽው ከልብሽ መስሎኝ እኮ ነው። ባስጨንቃት ትታመምብኛለች ብዬ ፈራሁ። ስንቴ ልጠይቅሽ እየመጣሁ ከበሩ ተመለስኩ" አሉ። እማማ "እንግዲያው አሁን ጠይቂኛ" አሉ። እናት አብረው ይሄዱ እንደሆነ ጠየቁ። እማማ እኔ አሮጊት ምን እጠቅማችኋለሁ አሉ። እናት ደግመው ጠየቁ። እማማ የብርዱን ነገር አነሱ። እናት ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ "እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ፣ እሺ" አሉ፤ ሻንጣቸው የት እንዳለም ወዲያው ጠየቁ።

እናት መመሪያውን አንስተው ገለጡ። ለሠራተኛ እናት ከቤተሰቡ ቤት አጠገብ ያለ ክፍል እንደሚሰጣትና ራሱን እንደቻለ ቤት እንደሚመዘገብላት ተጽፏል። ይህን ገጽ እስከ ዛሬ ያነበበው የለም፤ የተዘጋ ጉዳይ ነበር። ሰብሳቢው እማማን ይቅርታ ጠየቁ። ጸሐፊዋ የአባቷን ይቅርታ ስትመዘግብ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ያለፈው ስብሰባ ውሳኔና የዛሬዎቹ ከ1 እስከ 3 ያሉት በሙሉ ተሽረዋል። ውሳኔ 1 ከተሻረ ደንብ ደንብ አይደለም ማለት እንደሚሆን ጸሐፊዋ ብታሳስብም ሰሚ አላገኘችም። ትዳሩ ይቀጥላል፤ ሰብሳቢው ወንበራቸውን መልሰዋል። ኩንታልና ቀበኛ በእማማ ቤት፣ እሜቴና ዝምታ በእኛ ቤት ስም ይመዘገባሉ።

ስብሰባው ሊመሽ ሲል ተበተነ። ከመበተኑ በፊት እናት ማልቀሳቸው በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ ጠይቀው ነበር። ሐሳቡ ለድምፅ ቀረበ፤ በዚህኛው መጀመሪያ የተጠየቁት እማማ ናቸው። "ይግባ" አሉ፤ ገብቷል።