ተሰጥቶ የሚነጠቅ ሰላምታ

ሰው በሰው ተሳስቶ እጅ የሚነሳ የትም አለ። እሱን አናጢው አይነቅፍም፤ ዓይን ይሳሳታል። የሚያንጨረጭረው ሌላው ዓይነት ነው፤ ጎንበስ ካለ በኋላ ስህተቱ ሲገባው፣ ወገቡን ሳያቃና ለማጎንበሱ ሌላ ምክንያት የሚፈልግለት። የእነዚህ ሰዎች አለቃ ደግሞ፣ ለአናጢው መከራ፣ የገዛ ሚስቱ ወንድም ነው። አብረው ይሠራሉ፤ አናጢው ይገጣጥማል፣ እሱ ቀለም ይቀባል። ሠራተኛው «ክቡር ማጠፊያ» ይለዋል። እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ሲጢጥ እንኳን አይልም።

ባንክ ቤት ክቡርነታቸው ሱፍ የለበሰው ጥበቃ ሥራ አስኪያጅ መስሏቸው እጅ ነሱ። ግማሽ መንገድ ላይ ዱላውን አዩ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መውረዳቸውን ቀጥለው ወለሉን ዳበስ አደረጉና፣ «ይቺን ንጣፍ የሠራ እጁ ይባረክ» አሉ። ልብስ መሸጫ በር ላይ ለተገተረ አሻንጉሊት እጅ ነስተው ደግሞ የሱሪውን ጠርዝ ገልብጠው ስፌቱን መረመሩ።

«አሻንጉሊቱስ ይሁን» አለ አናጢው ለሚስቱ። «ጥበቃው ግን ሰው ነው። የተሰጠ ሰላምታ ከሰው ላይ ይነጠቃል እንዴ?»

«አንተ ደግሞ! ምን ጎደለበት ሰውዬው?»

«ጎንበስ ያለለት ንጣፍ ሆኖ ቀረ እኮ!»

ባለፈው ሳምንት ስልሳ የተማሪ ወንበር የሚያሠራ ትምህርት ቤት ናሙና ሊያይ መጣ። ይህ ሥራ ካመለጠ የእንጨት ሥራ ቤቱ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ከመኪናው አንድ ከረባት ያሰረ ረጅም ሰውና አንዲት አጭር ሴትዮ ወረዱ። አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ ለሰውዬው ከወገቡ ዝቅ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ርዕሰ መምህር።»

«ኧረ እኔ ሾፌሩ ነኝ። እሳቸው ናቸው።»

አናጢው እንደጎነበሰ ቀረ። ከአፍንጫው ሥር ሰጋቱራ አለ። እጁ፣ የወደቀ ሚስማር እንደሚፈልግ ሰው፣ ወደዚያው ሲሄድ አየው። በገዛ እጁ እንዲህ ተናዶ አያውቅም። ሰበሰበውና ቀና አለ።

«ለእርስዎም ይገባል» አለው ሾፌሩን። ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ደግሞ እጅ ነሳ። «ተሳሳትኩ። ወንድ ነበር የጠበቅኩት።»

«ሁሉም እንደዚያው ነው» አሉ ሴትዮዋ። ፊታቸው እንደጠቆረ ወደ መኪናው ዞሩ።

ይሄኔ ማጠፊያ ብሩሹን እንደያዘ ብቅ አለ። «እሱ ምን ያድርግ፣ ወንድ ናቸው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ አወራሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ምንም የነገረው ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ ቆም ብለው ሁለቱንም አዩ።

«እኔ ትምህርት ቤት ጥፋት ባለቤት የለውም» አሉ። «እዚህ ደግሞ ሁለት አለው። እስቲ ወንበሩን አሳዩኝ።»

አናጢው ሥራውን ተዋውሎ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ፣ «ዛሬስ ምን አደረገህ?» አለችው።

«ወንድምሽ ዋሸ።»

«ምን ብሎ?»

አናጢው ኮቱን ለረጅም ጊዜ አራገፈ።

«ተሳሳትኩ ብሎ።»