ጋሽ ወርቁና የድዳቸው እሳት አጥፊዎች

ለንደን ውስጥ እንግሊዝኛ ማወቅ ጣጣ ነው። አንዴ «እሷ ትችላለች» ከተባለ አለቀ፤ ፎርም ሙይልኝ፣ ካውንስል (ቀበሌው) ጋ ደውዪልኝ፣ ሐኪም ቤት አብረሽኝ ሂጂ ነው። እምቢ አይባል ነገር፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ዓይን ለዓይን መተያየት አለ። እኔ ላይማ የባዮሎጂ ዲግሪ ተጨምሮበታል፤ ከኩላሊት እስከ ጥርስ ያለው ሁሉ የእኔ ሥራ ነው።

ባለፈው ወር የደወሉት ጋሽ ወርቁ ናቸው። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ሼፈርድስ ቡሽ በሚባለው ሠፈር፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስናቀች ጋር ይኖራሉ። የፊት ጥርሳቸው ይነቃነቃል። ልጃቸውን ሊድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ ሙሽሮቹን የሚመርቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው። በምርቃቱ መሃል ጥርሳቸው ቢወድቅስ? ሰውዬው እህል አልበላ ብሏቸዋል።

አብሬያቸው ሄድኩ። ጥርስ ሐኪሟ ድዳቸውን አገላብጣ አየችና «ያጨሳሉ?» አለች። ተረጎምኩላቸው።

«እኔ? በስመ አብ!» ብለው አማተቡ።

ከሠፈራችን ገበያ ጀርባ ሲያጨሱ ስንቴ አይቻቸዋለሁ መሰላችሁ! ባየኋቸው ቁጥር እንዳያፍሩ ብዬ መንገድ የምቀይረው እኔ ነኝ። አባቴን የሚያህል ሰው «ይዋሻሉ» ልበል? ከአፌም አይወጣ። «አያጨሱም» አልኳት።

ሐኪሟ ግራ ገባት። ነገሩን ከሥሩ ታስረዳን ጀመር። ሰውነታችን የድድ ጀርም ሲዋጋ እንደ እሳት ያለ ነገር ይረጫል፤ ያ እሳት የገዛ ድዳችንን እንዳይለበልብ የሚያጠፉት ኢንዛይሞች አሉን። ስማቸውን ስትጠራው የእኔም ምላስ ተሳሰረ፤ «እሳት አጥፊዎች» ብዬ ተገላገልኩ። ጭስ ሲበዛባቸው ግን አቅም ያንሳቸዋል፣ ድዱ ይላላል፣ ጥርሱም ይነቃነቃል። «ካላጨሱ ምናልባት ስኳር ይሆናል፤ መጀመሪያ የደም ምርመራ ይደረግ» አለች።

ሠርጉ ደርሷል፣ እኛ የሌለ በሽታ ልንፈልግ ነው! ተናደድኩ። በራሴም፣ በይሉኝታዬም። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ በእንግሊዝኛ አፈረጥኩት፦ «ያጨሳሉ፤ እኔ እንደነገርኩሽ ግን እንዳያውቁ!» ወደ እሳቸው ዞሬም «ስለ ቀጠሮ ጠይቄያት ነው» አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ቀና ብለው፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «ዛሬ ባቆም ለሠርጉ ይደርስልኛል?» ብለው ጠየቋት።

ድዱ ከታጠበና ካቆሙ ቀስ በቀስ እንደሚያገግም፣ ጥርሱንም ለጊዜው ከጎረቤቱ ጋር አስራ እንደምትይዘው ነገረቻቸው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ሐኪሟ የእኔንም ጥርስ ሳታይ አልቀረችም።

«ጋሼ! ታዲያ እኔን ለምን አስከተሉኝ?»

«ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ በምን ቋንቋ ሳወራ የኖርኩ መሰለሽ? በገዛ አፌ አጫሽ ነኝ እንድላት ነው? አንቺ እስክትነግሪያት እየጠበቅኩ ነበር። ምነው እንዲህ ዘገየሽ!»

ካፖርታቸውን ለበሱና በሩን ከፈቱልኝ።

«በይ እንግዲህ፣ ቤት ስንደርስ ደግሞ ለአስናቀች ትነግሪልኛለሽ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አታውቅም።»