የእትዬ አስካለ ካሚዮን

በዚህ በተሰደድንበት ከተማ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንደሚነዳ ነው። እኛ ግን የሰው ሆድ ካላወቅን እንቅልፍ የማይወስደን ሕዝብ ስለሆንን ሌላ ጥያቄ ይዘን መጥተናል፤ «በእነ እገሌ ጊዜ ከማን ጋር ነበርክ?» ሻንጣችንን የመዘነው ሰውዬ ይህችን ጥያቄ ሳያያት ቀርቶ ነው እንጂ፣ ብቻዋን አውሮፕላኑን ከመሬት አታስነሳም ነበር።

እኔ የሰው መኪና ተቀብዬ የማቆም የፓርኪንግ ሠራተኛ ነኝ። የትምህርት ቤት አጥሩን እንጂ ውስጡን አላየሁም፤ የፈረንጅ ፊደል የለየሁት በታርጋ ነው። በመኪና ግን አትምጡብኝ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መብራት ይዞት የቆመ መኪና ድምፁን ብቻ ሰምቼ ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ ባለቤቱም ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ እንደወጣ እነግራችኋለሁ። የሚጠራጠር መጥቶ ዓይኔን በሻሽ ይሰረኝ። እትዬ አስካለ ፎቶግራፋቸውን ይዘው ወደ እኔ የመጡትም ለዚሁ ነው።

ከፓርኪንጋችን ጎን ያለው ምግብ ቤት የእትዬ አስካለ ልጅ ንብረት ነው። እትዬ አባታቸውን አያውቁም። እሳቸው ገና በእቅፍ ሳሉ አባትየው በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ወጥተው ቀሩ። የተረፈላቸው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ቀጭን ሰው ትልቅ ካሚዮን ተደግፎ፣ ሊስቅ ሲል ካሜራው የቀደመው። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር፣ «አባቴ ናቸው፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ካሚዮን ይነዱ ነበር» እያሉ ሽሮ ሊበላ ለገባ ሁሉ ይናገሩ ነበር። አንድ እሁድ ጋሼ በቀለ መነጽራቸውን ወልውለው ጠጋ አሉና፣ «ይሄ እንኳ የጣሊያን መኪና ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። አላስፈለገም። «ባንዳ» የምትለዋን ቃል ቤቱ ሁሉ በሆዱ ጨረሰላቸው።

እትዬ ፎቶውን አወረዱ። እግራቸውንም ከልጃቸው ቤት ቆረጡ።

ጋሼ በቀለ ማን ናቸው ብትሉኝ፣ በንጉሡ ጊዜ የወረዳ ጸሐፊ፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ እዚህ ደግሞ ከደርግ የሸሹ ስደተኛ ናቸው። ሦስቱንም የሆኑት በአንድ ኮት ነው።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ እትዬ፣ ፎቶውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው፣ «መኪና ታውቃለህ ይሉሃል። የማን እንደሆነ ንገረኝ። ደግሞ እንዳትጨምርበት።»

እኔን አትጨምር ማለት ጅብን ጦምህን እደር እንደ ማለት ነው። ግን ዓይናቸውን አየሁና እሺ አልኩ።

የሥራ ባልደረባዬ ደረጀም መጣ። የፓርኪንግ ሰው መኪና ሲያይ ቀለም አያይም፣ ቁመት አያይም፤ የሚያየው በየትኛው በር እንደሚገባ ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ዓይናችን መሪው ላይ አረፈ። መሪው በቀኝ ነበር።

«ሶ፣ አለቀ፣» አለ ደረጀ። «የጣሊያን መኪና ስንቱን ፓርክ አድርገናል፤ ሁሉም ግራ ነው። ቀኝ መሪ እንግሊዝ ነው፣ እትዬ። ፎቶዎን ይስቀሉ።»

እኔም ነገሩን በማኅተም ልዝጋው ብዬ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ደንበኛችንን ጠራሁ። የትንሽ መኪናውን ቁልፍ ለእኛ አምኖ የማይሰጥ፣ ራሱ ፓርክ የሚያደርግ ሰው ነው፤ በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ ጦር መካኒክ ሆኖ ከኬንያ እስከ አገራችን ድረስ ካሚዮን ሲጠግን ነበር። ፎቶውን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«የጣሊያን ነው፣» አለ።

«መሪውስ?» አለ ደረጀ፣ እንደተከዳ ሰው።

ሽማግሌው አስረዳን። የዚያን ጊዜ የጣሊያን ትልልቅ ካሚዮኖችም መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን አፋፍ እንዲያይ ተብሎ። ይህንን ለእትዬ ነገርኳቸው። ፎቷቸውን ለመውሰድ እጃቸውን ዘረጉ።

ሰውዬው ግን አልለቀቀም። እኛ ጭረት ነው ያልነውን ነገር በአውራ ጣቱ አሳየን። በሩ ላይ በነጭ የተጻፈ «ኤል» እና ቁጥር ነበር። የእንግሊዝ ጦር በካሚዮኖቹ ላይ የሚጽፈው ምልክት ነው አለን። የራሳቸው መኪና እየተሰበረ ሲያስቸግራቸው የማረኩትን የጣሊያን ካሚዮን ቀለም ቀብተው፣ ፊደላቸውን ጽፈው ይነዱት ነበር። ፎቶው ሲነሳ መኪናው እንግሊዝ ሆኗል።

ደረጀ አጨበጨበ። እትዬ አላጨበጨቡም።

«ጠይቀው፣» አሉኝ። «ሳይቀባ በፊት ማን ነበር የሚነዳው?»

ከቁልፍ ማቀበያ በማታልፈው እንግሊዝኛዬ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ፎቶውን በሁለት እጁ መለሰላቸው። «አንዳንዱን ሾፌር ከነመኪናው ነው የማረክነው፤ መኪናውን ያውቀዋል፣ ንዳ አልነው፣ ነዳ። ሌላውን ከመንገድ ነው የቀጠርነው። ይሄኛው የትኛው እንደሆነ ፎቶው አይናገርም።»

ግማሹን ልውጠው ስል እትዬ እጅጌዬን ያዙ። «ሙሉውን፣» አሉኝ። ሙሉውን ነገርኳቸው። በሕይወቴ ቅቤ ሳልጨምርበት ያቀረብኩት አንድ ወሬ ይሄ ነው፤ ስናገረው አፌ መረረኝ።

እትዬ ቀጥ ብለው ወደ ምግብ ቤቱ ሄዱ። እኛም የሰው ቁልፍ በኪሳችን እንደያዝን ተከተልን። ጋሼ በቀለ ምሳቸውን እየበሉ ነበር።

«አቶ በቀለ፣ ልክ ነበሩ፤ መኪናው የጣሊያን ነው፣» አሉ እትዬ። «በኋላ ተቀብቶ የእንግሊዝ ሆነ። አባቴ አብረውት ተማርከው ይሁን ከመንገድ ተቀጥረው፣ አላውቅም። ልጃቸው ነኝና አለማወቁን ይዤው እኖራለሁ። እርስዎን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ላይ አሁን ያለው ስንተኛው ቀለም ነው?»

ማንም አልሳቀም። ለቅሶ ቤት የምስቀው እኔ እንኳ አልሳቅኩም። አንዱ መፈክር ያወረደ፣ አንዱ ጠመንጃ ይዞ በር የጠበቀ፣ አንዱ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ያልነገረን፤ ሁላችንም ሳህናችንን እንደ ፈተና ወረቀት እናየው ጀመር። ሳህን ያልነበረኝ እኔ የደረጀን ጫማ አየሁ።

ጋሼ በቀለ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ተመልሰው ፎቶውን ከእትዬ እጅ ተቀበሉ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳብሰው ሚስማሩን አገኙና ሰቀሉት።

ጠማማ አድርገው ነው የሰቀሉት። ማንም ተነሥቶ አላቃናውም።