የኬቱሏ አይቲ የባድጋኦንን በር ከነሥሩ እንደ ነቀለች

ቧንቧው በተተከለ በአራተኛው፥ ውሃው ከቆመ በሦስተኛው ዓመት ከመንፈቅ፥ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ዐውሎ ነፋስ በወሰደ በሁለተኛው ዓመት፥ ሩዙ ታጭዶ ጎተራ በገባበት ወር፥ በዕለተ ረቡዕ፥ በዘመነ አይቲ ወለተ ሂድማ፥ ቆፋሪተ ሥራ ሥር፥ አንደበተ ስለት፥ ዘኢትፈርህ ድበ፥ ድብ እንኳ የማያስፈራት፥ የሆነው ይህ ነው። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያላየሁትን ወንዶቹ ያውሩት፥ እነሱ ሳያዩም ይችሉበታል።

የኬቱል መንደር አምላክ ኩርሙ ዴቭ፥ ጎን ለጎን የታሰሩ ሦስት ግንዶች፥ በብር የተለበጠ፥ የጣዎስ ላባ የተቀዳጀ፥ በአራት ወንዶች ትከሻ የሚሄድ፥ ወደ ወደደበት የሚያስሮጣቸው፥ በባድጋኦን ወደሚከበረው ወደ እንስቲቱ አምላክ ወደ እናት ማውሊ በዓል ሊወርድ ተነሣ። ሕጉም የታወቀ ነው፤ ከማደሪያው ከወጣ ወደ ኋላ አይልም፥ እናቲቱን ሳይሳለም መሬት አይነካም፥ የሴት እጅም አያርፍበትም። ፀሐይ ጋራው ላይ ሳትቀመጥ በደጇ ከሚሰለፉት የየመንደሩ አማልክት ረድፍ ያልገባ አምላክ ደግሞ እስከ መጪው ዓመት ውጭ ይቀራል፥ ውጭ ከቀረ አምላክም የሠርግ ፈቃድ አይጠየቅም።

አምና ውጭ ቀርቷል። ተሸካሚዎቹ “አምላኩ ጠማው” እያሉ አረቄ ያለበትን ቤት ሁሉ ሲሳለሙ መሸባቸው። በዚህ የተነሣ የአይቲ ልጅ የራይሞቲ ሠርግ ቀረ። የእጮኛዋ እናትም ዘንድሮ እንዲህ ስትል መልእክት ሰደደች፦ “አሁንም ከቀረ ሌላ እናያለን። ልጄ ሽንብራ አይደለም፥ ተዘፍዝፎ አይቆይም!”

ወእምዝ ሠራዊቱ ወጣ፤ በፊት ባንዲራ ያዡ፥ ቀጥሎ ሦስት ከበሮ መቺዎች፥ ሁለቱ የነቁ፥ ከዚያም ትንፋሹ ያጠረው ቀንድ ነፊ፥ የአምላኩ ጠባቂ አያ ላክሙ ከነሳሉ፥ ተሸካሚዎቹ፥ ወዴት እንደሚወስዱት ያልተነገረው ፍየል፥ ሩዝ በቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች፥ የጉንዳን አዋዜ በቅጠል የቋጠሩ ባልቴቶች፥ ማንም ያልጠራቸው አራት ውሾች፥ በመጨረሻም አይቲ፥ መንገድ ላይ ሥራ ሥር ስትቆፍር የቆየችበትን ብረት ትከሻዋ ላይ ጋድማ።

የባድጋኦን ሰዎችም እንግዳ ሊያከብሩ ወደው በመንደሩ መግቢያ የቀርከሃ በር አቁመው፥ የማንጎ ቅጠልና ቢጫ አበባ አልብሰው፥ የቀይ ዶሮ ደም ረጭተው ባርከው ነበር። የተባረከ በር መስበር የእናቲቱን ደጅ መስበር ነው፥ ዞሮ ማለፍም አቀባበሏን መናቅ ነው። ስፋቱን በክረምት መጥተው አምላኩን በገመድ ለክተው ነው የቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ግን ግንዱን ምስጥ ስለበላው አምላኩ ታደሰ፥ አዲሱም በአንድ ክንድ ሰፋ። ላክሙ ይህን መንገር ነበረበት። ረሳው።

ኩርሙ ዴቭም በሩን ባየ ጊዜ ደስ ብሎት ሮጠ፥ ቀርከሃው ተለጥጦ አስገባው፥ ካስገባውም በኋላ ነከሰው። ወደ ፊት እምቢ፥ ወደ ኋላ ክልክል፥ ወደ ታች ኀጢአት። ፀሐይዋም ወደ ጋራው እየወረደች ነው።

ያን ጊዜ ላክሙ አዋጅ አስነገረ፦ “ግፉ!” ተገፋ፥ አልሆነም።

የባድጋኦን ሹም ሶምዳርም በተራው አወጀ፦ “በሩን ያነቃነቀ ከእናታችን ጋር ይተያያል! ግንድ አወፍራችሁ መጥታችሁ በር ጠበበን ትላላችሁ?”

ላክሙ መለሰ፦ “አንተ የዶሮ ቤት ሠርተህ አምላክ ግባ ትላለህ?”

ከኋላ አንዱ “ጫፉ ትንሽ ቢጠረብስ?” ብሎ አወጀ፥ አምላኩም ተወዛውዞ ጆሮውን አለው፥ አዋጁም ተሻረ። ራይሞቲም ከሴቶቹ መካከል ጋራውን ብቻ ታያለች።

አይቲ ይህን አይታ ሕዝቡን በክርኗ ከፍላ ወጣች። ወንዶቹም በአንድ ድምፅ “አንቺ ሴትዮ፥ ሴት አትነካውም፥ ዞር በይ!” አሉ።

እርሷም አወጀች፦ “ስሙ፥ እናንተ ጢማሞች! ማን ሊነካው? እኔ የምነካው አፈር ነው፥ አፈር ደግሞ ወንድም ሴትም አይልም። በሩ አይሰበር፥ አምላኩም አይመለስ። እንግዳ እስከ በር ይሸኛል አይደል? ዘንድሮ በሩ ራሱ ይሸኘው!”

ብላም ብረቷን ሰካች፥ የግራውን ምሰሶ ሥር ጠጠሩን እየፈነቀለች እስከ ክርኗ ቆፈረች። ወደ ቀኙ ብትዞር ሶምዳር ምሰሶው ሥር በሁለት እግሩ ቆሞበታል።

“አያ ሶምዳር፥ ተነሥ።”

“አልነሣም!”

“ቁም እንግዲያ። እንደ ሥራ ሥር ነቅዬ ነገ ገበያ አወጣሃለሁ።”

ተነሣ። ቀኙም ተቆፍሮ ምሰሶው ሲነቀል የመንደሩ በር በሌላ እጅ እንዳይሰበርበት ፈርቶ ራሱ አቀፈው፥ ወንድሙም ሌላውን ያዘ። ያን ጊዜ ኩርሙ ዴቭ በሩን እንደ ካባ ለብሶ፥ አበባውን እያራገፈ፥ ሶምዳርን እየጎተተ፥ በገበያው መካከል በረረ፥ ጣፋጭ ሻጮችም ትሪያቸውን ይዘው ሸሹ። ፀሐይ ጋራውን ልትነካ ጣት ሲቀራት ከረድፉ ገባ።

የእናት ማውሊ ጠባቂ ሽማግሌም ከላይ እስከ ታች አይቶት እንዲህ ሲል ፈረደ፦ “ስንት ዓመት እንግዳ ተቀበልሁ፤ በር ይዞ የመጣ ዛሬ ገና አየሁ። ይግባ፥ ገብቷልም።”

ላክሙ ረጅሙን ምስጋና ሊጀምር አፉን ቢከፍት አይቲ “ምስጋናህን ኋላ ታደርሳለህ፤ የልጄን ነገር ጠይቅልኝ” አለችው። ተጠየቀ። አምላኩም ወደ ፊት አንድ ጊዜ አዘነበለ፥ ይኸውም እሺታው ነው፤ የሶምዳርን ጥምጣም መሬት ጣለው። ራይሞቲ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፥ የእጮኛዋ እናትም ለሠርጉ ድግስ የሚሆን ሥራ ሥር ከአይቲ ተዋዋለች።

እነሆ ዜናዋ ለአይቲ፥ ሕግ ሳትጥስ ሕግን ያሳለፈች፥ ወንድ ሳትገፋ መንደር ያነቃነቀች፥ ሁለት ጉድጓድ ቆፍራ ሠርግ ያወጣች! ክብሯ ከጋራው ይብለጥ፥ ዘመኗ ሳል እንደሚሉት የዱር ዛፍ ይርዘም! ወንዶቹ ዛሬም አረቄ ሲቀምሱ “በሩንስ የነቀለው አምላኩ ነው” ይላሉ። ይሁንላቸው። በማግስቱ ከጥፍሯ ሥር አፈር ስታወጣ ያየኋት ግን እሷን ነው።