ቅጠል ገልባጩ ጎረቤት

የሰው ግቢ ሲገባ ከግቢው ባለቤት በፊት አበባውን ሰላም የሚል ጎረቤት የሌለበት ሰፈር የለም። ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ የደረሷት ጎረቤት፣ ክቡርነታቸው፣ ጡረታ የወጡት የጉምሩክ ፈታሽ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሻንጣ ሲበረብሩ ኖረው፣ የሚበረብሩት ሻንጣ ሲያጡ ወደ ቅጠል ዞሩ።

«ቅጠሉ ይገልበጥ!» ይላሉ አጉሊ መነጽራቸውን እየመዘዙ። «ኮንትሮባንድ ከላይ አይቀመጥም።»

እውነት ለመናገር፣ ያውቁበታል። ቅርንጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉና ነጥቦቹ መራመድ ሲጀምሩ «አቧራ እግር የለውም፤ ይቺ ቀይ ሸረሪት ናት» ይላሉ። ጉንዳን ግንድ ሲወጣ ካዩ ደግሞ ክሽክሽ የምትባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ የምታንጠባጥበውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ እንደሆነ ያስረዳሉ፤ ማስረዳቱ ግን ማለቂያ የለውም። ልብስ ሰፊዋ ድምፃቸውን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ እቤት የሌለች የምትመስልበት ቀን ብዙ ነው።

ዘንድሮ ግን ራሷ ጠራቻቸው። ሟች እናቷ የተከሏትን ጽጌረዳ ክሽክሽ ወርሯት፣ እምቡጧ ሳይፈነዳ ይረግፍ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይቺ ከሞተችብኝ እናቴን ሁለተኛ መቅበሬ ነው» አለቻቸው።

ክቡርነታቸው ገለበጡ፣ አጎነበሱ፣ ፈረዱ። በክሽክሾቹ መሃል የሚርመሰመሱትን ጥቋቁር እሾሃም ትሎች «ዋናዎቹ ወንበዴዎች እነዚህ ናቸው!» ብለው ለቀሙና፣ ለኤግዚቢትነት ክሽክሽ ከወረረው ቅጠል ጋር ብርጭቆ ውስጥ ከተው ከደኑባቸው።

በማግስቱ ብርጭቆው ውስጥ አንዲትም ክሽክሽ የለችም። እስረኞቹ ጠግበው ተኝተዋል። ያኔ ገባቸው፦ ለካ ክሽክሽ እየበሉ የሚያድጉት የቀይዋ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ ልጆች ኖረዋል! ሰውየው ያሰሩት ፖሊሶቹን ነበር።

ያለወትሯቸው ድምፃቸውን ሳያሰሙ መጥተው እስረኞቹን አንድ በአንድ ወደ ጽጌረዳዋ መለሱ። «ተሳስቻለሁ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ዝር አላሉም።

ጽጌረዳዋ አገገመች፤ አበበችም። ግቢው ግን ጭር አለ። የሚያቋርጣት ሰው ሲጠፋ ልብስ ሰፊዋን ሥራው አልገፋ አላት፤ ሰውየው ናፍቀዋት ነበር። አንድ ጠዋት ጤነኛ ቅጠል ቀነጠሰች፣ ጀርባው ላይ ብጣሽ ጥጥ በምራቋ ለጠፈችና በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ይኼ ነጭ ነገር ምን ይሆን? ጨነቀኝ እኮ።»

መነጽራቸውን አውጥተው ቅጠሉን አገላብጠው አዩት። ቀና ብለው እሷን አዩ። ጥጥ መሆኑ ለሕፃን እንኳ አይጠፋም።

«በጣም አደገኛ ናት» አሉ ባርኔጣቸውን እየፈለጉ። «ግቢሽ በሙሉ መፈተሽ አለበት።»